ባፈር፣ በአማርኛ “ጫና ተረካቢ”

ባፈር የሚለውን ቃል አብዛኛው ሰው የሚያውቀው ከስልኩ ነው። ኔትወርክ ሲደክም ቪዲዮው ቀጥ ይላል፣ ክቧ ምልክት መዞር ትጀምራለች፣ “ባፈር እያደረገ ነው” ይባላል። እዚያ ላይ ባፈር ማለት ማቆያ ነው፤ የሚመጣውን ዳታ ለጥቂት ጊዜ የሚያጠራቅም የሜሞሪ ክፍል። ኬሚስትሪ የተማረ ሰው ደግሞ አሲድ ወይም ቤዝ ጠብ ሲልበት ፒኤቹ በቀላሉ የማይናወጥ ድብልቅን ያስታውሳል። ከድምፅ መሣሪያ ጋር የሚውሉ ሰዎች በዚሁ ስም የሚጠሩት ሰርኪዩት ግን ከሁለቱም ጋር ዝምድናው የራቀ ነው። ምንም አያጠራቅምም፣ ድምፅም አያጎላም። ሥራው የአንዱን መሣሪያ ሲግናል መቀበልና ቮልቴጁን እንዳለ ይዞ፣ ቀጣዩ መሣሪያ የሚፈልገውን ከረንት ከራሱ ኪስ አውጥቶ ማቅረብ ነው።

ለዚህ “ጫና ተረካቢ” የሚለውን አቻ አቀርባለሁ፤ ነገሩ ከታወቀ በኋላ “ተረካቢ” ብሎ ማሳጠርም ይቻላል። “ማቆያ” ለኮምፒውተሩ ይሁን፤ እዚህ ያሳስታል። “ማጉያ” ለአምፕሊፋየር ተይዟል። “መከላከያ” ቢባል ከፊውዝ ጋር ይምታታል። “አማላጅ” ለአፍ የሚጥም ቃል ነበር፤ ደካማው በራሱ አቅም ሊያደርሰው ያልቻለውን ጉዳይ ጉልበት ያለው ሰው ያደርስለታልና። ነገር ግን አማላጅ ነገር ያሳምራል፣ ይጨምራል፣ ይቀንሳል። ደህና ባፈር ከተሰጠው ውጭ አንዲት ቃል መናገር የለበትም። በጥገና ጠረጴዛ ላይ ሁሉም ሰው “ባፈር” እንደሚል አውቃለሁ፤ ይበል። ለጀማሪ ሲጽፉና ሲያስተምሩ ግን ሥራውን በስሙ የሚናገር ቃል ያስፈልጋል።

ጫናው ምንድን ነው? ሲግናል የሚያወጣ መሣሪያ ሁሉ በመውጫው በኩል የራሱ ኢምፒዳንስ (ለከረንት የሚያሳየው ተቃውሞ) አለው፤ ተቀባዩም በመግቢያው በኩል እንዲሁ። ሁለቱ ሲገናኙ ቮልቴጁን ይካፈሉታል። የላኪው 10 ኪሎ ኦም፣ የተቀባዩም 10 ኪሎ ኦም ቢሆን ከ1 ቮልት ውስጥ ተቀባዩ ዘንድ የሚደርሰው ግማሹ ብቻ ነው። መግቢያው 1 ሜጋ ኦም፣ መውጫው 500 ኦም የሆነ ተረካቢ መሐላቸው ሲገባ ግን በመጀመሪያው መጋጠሚያ 99 በመቶው፣ በሁለተኛው 95 በመቶው ያልፋል።

ገመዱ ራሱም ጫና ነው። አንድ ሜትር የኦዲዮ ገመድ 100 ፒኮ ፋራድ ገደማ ካፓሲታንስ አለው እንበል። 100 ኪሎ ኦም የሆነ የድምፅ መቆጣጠሪያ ቮልቴጁን እኩል በሚከፍልበት ቦታ ላይ ሲቆም የመውጫ ኢምፒዳንሱ እስከ 25 ኪሎ ኦም ይደርሳል። ለዚህ 5 ሜትር ገመድ ቢቀጥሉለት፣ 12.7 ኪሎ ኸርዝ ላይ ሲግናሉ በ3 ዴሲቤል ወርዶ ያገኙታል፤ የጸናጽልና የሲምባል ድምፅ ይደበዝዛል። ያንኑ ገመድ 500 ኦም መውጫ ያለው ባፈር ሲነዳው መውረዱ ከ600 ኪሎ ኸርዝ በላይ ይሸሻል። እዚያ የሚሰማ ጆሮ የለም።

ፒዬዞ የሚባል ንዝረት ተቀባይ የተለጠፈበት ክራር ወይም ማሲንቆ ደግሞ ጉዳዩን ከሌላ ጎን ያሳያል። ፒዬዞ እንደ ትንሽ ካፓሲተር ነው። መጠኑ 1 ናኖ ፋራድ ቢሆንና መግቢያው 47 ኪሎ ኦም ከሆነ ማጉያ ጋር በቀጥታ ቢያያዝ፣ ከ3.4 ኪሎ ኸርዝ በታች ያለው ድምፅ እየሳሳ ይሄዳል፤ ማለትም የመሣሪያው ዋና ድምፅ ይጠፋና የጣት ጭረቱ ይቀራል። በ1 ሜጋ ኦም መግቢያ ግን ወሰኑ ወደ 160 ኸርዝ ይወርዳል። በሴራሚክ ካርትሪጅ የሚሠሩ የድሮ ሸክላ ማጫወቻዎችም ሕመማቸው ይኸው ነው፤ ባሱ የጠፋው ሸክላው ስላረጀ ላይሆን ይችላል።

ባፈር በትራንዚስተር፣ በኦፕ አምፕ፣ በጄፌትም ይሠራል። ርካሽ ነው፣ አይሞቅም፣ ስለ ሰፈር መብራት መዋዠቅም ብዙ አይጨነቅም። ታዲያ በቫኪዩም ቱቦ መሥራት ለምን? እውነቱን ለመናገር አንዱ ምክንያት መማር፣ ሌላው መውደድ ነው። ጆን አምብሮዝ ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1904 ሁለት ኤሌክትሮድ ያለውን ቱቦ ሠራ፤ ሊ ዲ ፎረስት በ1906 ሦስተኛውን ጨመረበት። የዛሬው ኤሌክትሮኒክስ ከዚያ የመጣ ነው፤ በቱቦ ውስጥ ግን የሚሆነውን ነገር በዓይን ማየት ይቻላል። ማሞቂያው ቀልቶ ካቶዱን ያግለዋል፣ ካቶዱ ኤሌክትሮን ይለቃል፣ ፖዘቲቩ ፕሌት ይስበዋል፣ መሐል ያለው ግሪድ ደግሞ ምን ያህሉ እንደሚያልፍ ይወስናል።

ለባፈርነት የሚያገለግለው አያያዝ “ካቶድ ተከታይ” ይባላል። ፕሌቱ በቀጥታ ከከፍተኛው ቮልቴጅ ጋር ይያያዛል፤ ካቶዱ በሬዚስተር ወደ ግራውንድ ይወርዳል፤ ሲግናሉ በግሪዱ ይገባና ከካቶዱ ላይ ይወጣል። ግሪዱ ከፍ ሲል ብዙ ከረንት ያልፋል፣ በሬዚስተሩ ላይ ያለው ቮልቴጅ ይጨምራል፣ ካቶዱም አብሮ ከፍ ይላል። ግሪዱ ሲወርድ ይወርዳል። በተለመደው 12ኤዩ7 ቱቦ (አውሮፓውያን ኢሲሲ82 ይሉታል)፣ በ250 ቮልትና በ22 ኪሎ ኦም ካቶድ ሬዚስተር፣ 1 ቮልት ቢገባ 0.92 ቮልት ገደማ ይወጣል፤ የመውጫ ኢምፒዳንሱም ከ500 እስከ 600 ኦም አካባቢ ይሆናል። አንዱ ብልቃጥ ውስጥ ሁለት ትራዮድ ስላለ ግራና ቀኙ በአንድ ቱቦ ይስተናገዳሉ።

ይህን ቤት ውስጥ ለመሥራት አመቺው መንገድ ኪት ነው፤ ክፍሎቹ ከነዝርዝራቸውና ከነመመሪያቸው ተጠቃለው ይመጣሉ። ልማዱ የቆየ ነው። በሚቺጋን፣ ቤንተን ሃርበር የነበረው የሂዝ ኩባንያ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፉ ክፍሎችን ገዝቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1947 ኦሲሎስኮፕ በኪት መልክ በ39.50 ዶላር መሸጥ ጀመረ። ሂዝኪት የሚለው ስም እስከ 1992 ድረስ በኪት ንግዱ ዘለቀ፤ ዛሬ መሐንዲስ የሚባሉ ብዙ አሜሪካውያን መጀመሪያ ካውያ የያዙት በእሱ ነው።

ኪቱ ሲከፈት ካውያውን ለማሞቅ አይቸኩሉ። በመጀመሪያ ክፍሎቹን ከዝርዝሩ ጋር ያመሳክሩ፣ ሬዚስተሮቹን አንድ በአንድ በሜትር ይለኩ። ቡናማና ቀይ ቀለበት በምሽት አምፖል ሥር አንድ ይመስላሉ፤ የ1 ኪሎና የ2 ኪሎ ልዩነት ደግሞ እዚያ ላይ ነው። ከዚያ አጫጭሮቹ ይቅደሙ፤ ሬዚስተርና ዳዮድ፣ ቀጥሎ የቱቦው ሶኬት፣ በመጨረሻ ትልልቆቹ ካፓሲተሮች። ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተር ጎኑ ላይ ያለው መስመር ኔጌቲቩን ያመለክታል፤ ገልብጠው ከበየዱት ይፈነዳል።

ብየዳው ላይ ሚስጥሩ ሙቀቱ ነው። የካውያው ጫፍ እግሩንና የቦርዱን መዳብ አንድ ላይ ይንካ፤ ሁለቱ ሲግሉ የብየዳ ሽቦው ከካውያው ሳይሆን ከእነሱ ላይ ይቅለጥ። እርሳስ ባለው ብየዳ የተሳካው መጋጠሚያ ያበራል፣ ወደ እግሩም እየሳሳ ይወጣል። እንደ ዶቃ ድቡልቡል ብሎ ከደበዘዘ አልያዘም፤ እንደገና ይሞቅ።

የሶኬቱ ዘጠኝ እግሮች ከሥር ሲታዩ ከክፍተቱ ጀምሮ በሰዓት አቅጣጫ ይቆጠራሉ። በ12ኤዩ7 ማሞቂያው 4 እና 5 ላይ በ12.6 ቮልት ይሠራል፤ 9 ቁጥር የማሞቂያው መሐል ነው። ኢሲሲ88 የሚባለው ቱቦ በዚሁ ሶኬት ልክክ ብሎ ይገባል፤ ነገር ግን በ4 እና 5 መሐል የሚፈልገው 6.3 ቮልት ነው። ልክክ ማለቱ አያታልልዎት፣ በ12.6 ቮልት ማሞቂያው ይቃጠላል።

ከመውጫው ላይ ያለችውን ካፓሲተርም ልብ ይበሉ። ካቶዱ ላይ 100 ቮልት ገደማ ዲሲ አለ፤ ያ ወደ ማጉያው እንዳያልፍ የምታግደው እሷ ናት። 1 ማይክሮ ፋራድ ከሆነች፣ 10 ኪሎ ኦም መግቢያ ባለው ማጉያ ላይ እስከ 16 ኸርዝ ድረስ ባሱን ታሳልፋለች። 0.1 ከሆነች ወሰኑ 160 ኸርዝ ይሆናል፣ ባሱም ይከሳል። ርካሽ ኪቶች በብዛት የሚቆጥቡት እዚህ ላይ ነው።

ከአሜሪካ በዘመድ የተላከ ኪት ከሆነ የትራንስፎርመሩን ጽሑፍ ሳያነቡ ስፒናውን አይሰኩ። እዚያ 120 ቮልትና 60 ኸርዝ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ሁለት ፕራይመሪ ያለው ትራንስፎርመር ሁለቱ በተከታታይ ሲያያዙ ለእኛ ይሆናል። ለ60 ኸርዝ ብቻ የተሠራ ግን ቮልቴጁ ቢስተካከልለት እንኳ በ50 ኸርዝ ከልኩ በላይ ሊግል ይችላል።

አሁን የማይቀለድበት ነገር። 250 ቮልት ዲሲ ይገድላል፣ ስፒናውን ነቅለው እንኳ በፓወር ሰፕላዩ ካፓሲተር ውስጥ ይቆያል። ካፓሲተሩ 47 ማይክሮ ፋራድ ከሆነና ከጎኑ 220 ኪሎ ኦም፣ 1 ዋት የሆነ ማፍሰሻ ሬዚስተር ካለ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከ2 ቮልት በታች ይወርዳል። ኪቱ ይህ ከሌለው ራስዎ ይጨምሩበት። ካለውም በሜትር ለክተው ይመኑ፤ ሬዚስተርም ይበጠሳል። እየሠራ ሲለኩ አንድ እጅዎ ኪስዎ ውስጥ ይሁን። የብረት ሣጥኑ ከኧርዝ ጋር ይያያዝ፤ የቤትዎ ሶኬት ኧርዝ ከሌለው ያንን በኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሳያስተካክሉ ይህን ሥራ አይጀምሩ።

ቱቦው ከመሰካቱ በፊት የማሞቂያው ቮልቴጅ ይለካ። ከተሰካ በኋላ ግማሽ ደቂቃ ያህል ይሙቅና የሁለቱን ካቶዶች ቮልቴጅ ወደ ግራውንድ ይለኩ። በ22 ኪሎ ኦም ላይ 100 ቮልት ከታየ 4.5 ሚሊ አምፔር እያለፈ ነው ማለት ነው፤ ደህና ነው። አንዱ 100፣ ሌላው ዜሮ ካለ ያኛው ትራዮድ አይሠራም፤ ብየዳውንና ሶኬቱን ይመርምሩ። ከስፒከሩ እምምም የሚል ድምፅ ከመጣ የማሞቂያውን ሽቦዎች እርስ በርስ ጠምዝዘው ከግሪዱ ሽቦ ያርቁ።

ቀጥሎ የምለው ሻጮችን ላያስደስት ይችላል። ቱቦ ባፈር በሲዲ ዘመን ገበያ ያገኘው የዲጂታሉን ድምፅ “ያሞቃል” ተብሎ ነው። የሲዲ ማጫወቻ ግን 2 ቮልት የሚያወጣ፣ የመውጫ ኢምፒዳንሱም ብዙውን ጊዜ ከጥቂት መቶ ኦም የማያልፍ መሣሪያ ነው፤ የሚረከቡለት ጫና የለውም። ስልክም እንዲሁ። ካቶድ ተከታይ ደግሞ መውጫው ሙሉ በሙሉ ወደ ራሱ ስለሚመለስበት ከቱቦ አያያዞች ሁሉ ሲግናሉን እምብዛም የማያዛባው ነው። የቱቦ ጣዕም የሚባለውን መዛባት የፈለገ ሰው በዚህ በር ብዙ አያገኝም።

“ባፈር” ተብለው በርካሽ የሚሸጡ ብዙ ቦርዶች በእርግጥ ድምፁን ይለውጣሉ፤ ምክንያቱም ባፈር ሳይሆኑ ትናንሽ ማጉያዎች ናቸው። መለያው ቀላል ነው፤ መውጫው ከፕሌቱ ላይ ከተወሰደ ማጉያ ነው፣ ከካቶዱ ከተወሰደ ጫና ተረካቢ ነው። ማጉያ መግዛት ነውር የለበትም፣ ግን የመውጫ ኢምፒዳንሱ ከፍ ያለ ስለሚሆን የረጅሙን ገመድ ችግር ላይፈታልዎት ይችላል።

ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት የሰርኪዩቱን ዲያግራም ይጠይቁና ወደ መውጫው የሚሄደውን መስመር ከየት እንደሚነሣ በጣትዎ ይከተሉ። ሻጩ ዲያግራሙን ካላሳየዎት ኪቱን አይግዙ።