ማሽኑ ይቁም ወይስ ይጩህ?

በማንኛውም ኮምፒዩተርም ሆነ ዘመናዊ ስልክ ውስጥ ከርነል የሚባል አስኳል ፕሮግራም አለ። ሜሞሪውን፣ ፋይሉንና ሌሎቹን ፕሮግራሞች ሁሉ የሚያስተዳድረው እሱ ነው። ታዲያ ይህ አስኳል «በጭራሽ አይሆንም» የተባለ ነገር ሆኖ ቢያገኘው ምን ያድርግ? ይቁም ወይስ እየጮኸ ይቀጥል? ይህን ክርክር ከታሪኩ እንመልከት።

በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሜሪካ መልቲክስ የሚባል ሲስተም ይሠራ ነበር። ከሠሪዎቹ አንዱ ቶም ቫን ቭሌክ እንደተረከው፣ ከሚጽፈው ፕሮግራም ግማሽ ያህሉ ስሕተት ሲደርስ ለማቃናት የሚውል መሆኑን ለዴኒስ ሪቺ አጫወተው። ሪቺ በ1969 በቤል ላቦራቶሪ ከተጀመረው የዩኒክስ ዋና አባቶች አንዱ ነው። የሪቺ መልስ አጭር ነበር፦ እነሱ ያንን ሁሉ ትተውታል፤ ችግር ሲመጣ «ፓኒክ» የተባለው ትእዛዝ ማሽኑን ያቆማል፣ ከዚያ እንደገና አስነሡት ብሎ መጣራት ነው። ጥቂት ጓደኛሞች ለሚጠቀሙበት ማሽን ይኸ ያዋጣ ይሆናል።

ሊኑስ ቶርቫልድስ በ1991 የጀመረው ሊኑክስ ግን ዛሬ በአንድሮይድ ስልኮች ሁሉ ውስጥ አለ። በሊኑክስ «ባግ» የሚባለው ትእዛዝ ሥራውን እዚያው ይገድላል። ማሽኑም ጭራሽ ደርቆ ሊቀር፣ ያልተቀመጠ ሥራም ሊጠፋ ይችላል። «ዋርን» የተባለው ደግሞ የት ቦታ ምን እንደተገኘ መዝግቦ ሥራው እንዲቀጥል ይለቃል። ጩኸቱ ተደጋግሞ መዝገቡን እንዳያጥለቀልቅም፣ አንዴ ብቻ የሚጮህ «ዋርን ኦን ዋንስ» ተበጀ። የእድር ጡሩምባ በየሰዓቱ ቢነፋ ማን ከቤቱ ይወጣል?

ይሁን እንጂ መቀጠልም አደጋ አለው። የተበላሸ ሜሞሪ ይዞ የሚሄድ ማሽን ጤነኛውን ፋይልም ሊያበላሽ ይችላል። ስለዚህ በ2014 «ፓኒክ ኦን ዋርን» የተባለ ምርጫ ተጨመረ። የፈለገ ባለቤት ማስጠንቀቂያ እንደተሰማ ማሽኑ እንዲቆም ያዛል፤ ያልፈለገ ይተወዋል። የሊኑክስ የአጻጻፍ ደንብም አዲስ ፕሮግራም የሚጽፉ ሰዎች «ባግ»ን ትተው «ዋርን ኦን ዋንስ»ን እንዲጠቀሙ ያዛል።

እኛም ደንቡ ትክክል ነው እንላለን። ማሽኑ ሲቆም የሚጎዳው ባለቤቱ እንጂ ፕሮግራም ጸሐፊው አይደለም እኮ! ጸሐፊው ያየውን ጉድለት ሳይደብቅ ይናገር፤ ማስቆሙን ግን ጉዳቱን ለሚሸከመው ይተውለት።