ዕፅዋታዊ ውህድ፦ እርድን ከኢንዶሜትሪዮሲስ ምን ያገናኘዋል?

ዕፅዋታዊ ውህድ (ፋይቶኬሚካል)፦ ተክል በተፈጥሮው የሚሠራው፣ ተነጥሎ ሊወጣና መጠኑ ሊለካ የሚችል ኬሚካላዊ ንጥረ ነገር። እርድን ቢጫ የሚያደርገው ኩርኩሚን፣ በወይን ፍሬ ልጣጭ ያለው ሬስቬራትሮል፣ የአረንጓዴ ሻይ ኢጂሲጂ፣ የቀይ ሽንኩርት ኩዌርሴቲን ሁሉም ዕፅዋታዊ ውህዶች ናቸው።

ስያሜው ከ«ባህል መድኃኒት» ጋር መምታታት የለበትም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ፣ በእንዶድ ልብስ በሚታጠብበት ወንዝ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን ተመለከቱ። ከዚያ የተነሣው ምርምር የቢልሃርዝያ አስተላላፊውን ቀንድ አውጣ የሚገድለው በእንዶድ ፍሬ ውስጥ ያለ ሳፖኒን መሆኑን አሳየ። እንዶድ ተክሉ ነው፤ ውህዱ ሳፖኒኑ ነው።

ስለ ዕፅዋታዊ ውህዶች ዛሬ ብዙ ከሚወራባቸው ሕመሞች አንዱ ኢንዶሜትሪዮሲስ ነው። በዚህ ሕመም የማህፀንን የውስጥ ሽፋን የሚመስል ህብረ ሕዋስ ከማህፀን ውጭ፣ ለምሳሌ በእንቁልጢ (ኦቫሪ) ወይም በሆድ ዕቃ ሽፋን ላይ፣ ይበቅላል። የወር አበባን ተከትሎ ይቆጣል፣ ጠባሳ ይሠራል፣ የውስጥ አካላትን እርስ በርስ ሊያጣብቅ፣ መውለድንም ሊያስቸግር ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በመውለጃ ዕድሜ ካሉ ሴቶች ከመቶ 10 ያህሉን፣ በድምሩ ወደ 190 ሚሊዮን የሚሆኑትን፣ ያጠቃል። «የወር አበባ ሕመም ያለ ነው፤ ስትወልጂ ይተውሻል» እየተባለች የምትሸኝ ሴት ሕመሟ ስም ሳያገኝ ዓመታት ያልፋሉ።

አሁን ያለው ሕክምና ማስታገሻ፣ የሆርሞን መድኃኒትና ቀዶ ጥገና ነው። ሕመሙን ከሥሩ የሚነቅል የለም። ሆርሞኑ ማርገዝ ለምትፈልግ ሴት አይሆንም፤ ከቀዶ ጥገና በኋላም ሕመሙ ሊመለስ ይችላል። ተመራማሪዎች ወደ ተክሎች የሚያማትሩት ለዚህ ነው። ከቦታው ውጭ የበቀለው ህብረ ሕዋስ ለመኖር ኤስትሮጅን፣ አዲስ የደም ሥርና የማያቋርጥ ብግነት ይፈልጋል። በቤተ ሙከራ ሕዋሳትና በአይጦች ላይ ኩርኩሚን የብግነትን ምልክት ሲያዳክም፣ ኢጂሲጂ ደግሞ አዲስ የደም ሥር እንዳይበቅል ሲያግድ ታይቷል።

ከአይጥ ወደ ሰው ሲመጣ ግን ነገሩ ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመ የብራዚል ጥናት ሕመሙ ያለባቸው 44 ሴቶች የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል ወሰዱ፤ ከፊሎቹ በየቀኑ 40 ሚሊግራም ሬስቬራትሮል ተጨመረላቸው፣ የቀሩት ደግሞ መድኃኒት የሌለበት አስመሳይ እንክብል። ከ42 ቀን በኋላ በሁለቱ ቡድኖች ሕመም መካከል ልዩነት አልተገኘም።

ኩርኩሚን ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት፤ ከአንጀት ወደ ደም የሚገባው እጅግ ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የሕንድ ተመራማሪዎች 2 ግራም ኩርኩሚን ከ20 ሚሊግራም ፒፐሪን፣ ማለትም ከቁንዶ በርበሬ ውህድ ጋር፣ ለጤነኛ ሰዎች ሲሰጡ ደም ውስጥ የሚደርሰው በ20 እጥፍ ገደማ ጨመረ። አልጫ ወጥ ውስጥ የሚገባ አንድ የሻይ ማንኪያ እርድ 3 ግራም ገደማ ነው እንበል። ከመቶ 3 ያህሉ ብቻ ኩርኩሚን ስለሆነ 0.1 ግራም እንኳ አይሞላም። 2 ግራም ለማግኘት ከ20 ማንኪያ በላይ እርድ ያስፈልጋል ማለት ነው። በእርድ የተሠራ አልጫ ጥሩ ምግብ ነው፤ ሕክምና ግን አይደለም።

ይህ ማለት ግን ከተክል የተገኘ ነገር ለኢንዶሜትሪዮሲስ ጠቅሞ አያውቅም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1951 ሜክሲኮ ሲቲ በሚገኘው ሲንቴክስ ኩባንያ የነበሩ ኬሚስቶች፣ ከቦዬ ወገን ከሆነ የዱር ተክል የሚወጣውን ዲዮስጄኒን መነሻ አድርገው ኖርኤቲስቴሮንን ሠሩ። ይህ ሆርሞን ዛሬም ለወሊድ መቆጣጠሪያም ለኢንዶሜትሪዮሲስም ይታዘዛል። ሆኖም ሥሩን ቀቅላ የበላች ሴት ከመድኃኒቱ ምንም አታገኝም። ሰውነታችን ዲዮስጄኒንን ወደ ሆርሞን አይለውጥምና ለውጡን የሚያደርገው ኬሚስቱ ነው።

«ከተክል የመጣ አይጎዳም» የሚለውም አያስኬድም። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2018 እንዳስታወቀው በቀን 800 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ኢጂሲጂ በእንክብል መልክ መውሰድ የጉበት ጉዳት ምልክቶችን ሊያስከትል ይችላል። በአኩሪ አተር ያለው ጄኒስቴይን ደግሞ ኤስትሮጅንን ስለሚመስል ኤስትሮጅን ለሚያፋፋው ሕመም በዘፈቀደ የሚወሰድ አይደለም።

ስለዚህ «ለማህፀን ሕመም ፍቱን የተፈጥሮ መድኃኒት» የሚል ዕቃ ሲቀርብ፣ ሻጩን ሦስት ነገር መጠየቅ ይገባል፦ ውስጡ ያለው ውህድ የትኛው ነው? መጠኑ ስንት ነው? የተሞከረው በአይጥ ነው ወይስ ሕመሙ ባለባቸው ሴቶች? መልስ ቢገኝም ከሐኪም ሳይማከሩ መጀመር፣ ይልቁንም የታዘዘን መድኃኒት ማቋረጥ፣ አይገባም። በየወሩ ከትምህርት ወይም ከሥራ የሚያስቀር ሕመም ያላት ሴትም ቅድሚያ መስጠት ያለባት የማህፀን ሐኪም ዘንድ ቀርቦ ለመመርመር ነው።