«እንኳን አደረሳችሁ» በሱቅ በር ላይ

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ስለ ቡናም የሚያወሳው ነገር አለ።

በዓል በመጣ ቁጥር አብሮ የሚመጣ ክርክር አለን። ገና ሲቃረብ አንዱ ሱፐርማርኬት በሩ ላይ «ለመላው የክርስትና እምነት ተከታዮች እንኳን አደረሳችሁ» ብሎ ይለጥፋል። ፎቶው በስልክ ይዞርና «ለመውሊድ የት ነበራችሁ?» የሚል ከሥሩ ይመጣል። ሱቁ ለዒድ ሲለጥፍ ደግሞ ሌላው ይነሣል፤ «ባለቤቱ ክርስቲያን አይደለም እንዴ?» ይላል። ሦስተኛው ወገን «መልካም በዓል ብላችሁ ለምን አትገላገሉም?» ብሎ ሁለቱንም ይገስጻል። ባንኩም፣ ዳቦ ቤቱም፣ የሞባይል መሸጫውም ከዚህ አያመልጥም።

ብዙ ሰው ይህን ከአሜሪካ የተቀዳ ጭቅጭቅ ያደርገዋል። እዚያ መኖሩ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 አንድ ወግ አጥባቂ የክርስቲያን ማኅበር «ታርጌት» የተባለው ትልቅ የገበያ ድርጅት በማስታወቂያዎቹ «ክሪስማስ» የሚለውን ቃል ትቷል ብሎ ሰው እንዳይገበይበት ዘመቻ ከፈተ። በዓመቱ ደግሞ «ዋልማርት» ከ«መልካም በዓላት» ወደ «መልካም ገና» መመለሱን አስታወቀ። የአሜሪካኖቹ ቅሬታ ግን «የነበረው ስማችን ተፋቀ» የሚል የብዙኃን ቅሬታ ነው። የእኛ ክርክር የጀመረው በሌላኛው ጫፍ ነው፤ ስሙ ተጽፎ የማያውቅ ወገን «የእኔስ?» ብሎ ሲጠይቅ። ይህን ለማየት ወደ ሰሜን ሸዋ ደጋ መውጣት ይጠቅማል።

የመንዝ፣ የግሼና የመርሐቤቴ ደጋ ዘመኑን የሚቆጥረው በታቦት ነው። በ12 ሚካኤል፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ እያለ ወሩ ያልቃል። ገበሬው ስንት ቀን ሞፈሩን እንደማያነሣ፣ መቼ ማኅበር እንደሚጠጣ፣ የሁዳዴን 55 ቀን እንዴት እንደሚዘልቀው ሕይወቱ በዚያ የተሰፋ ነው። እንዲህ ባለ አገር በዓል የማን ነው ተብሎ አይጠየቅም። እንደ ዝናቡ የአገሩ ነው። ሰላምታውም አድራሻ አያስፈልገውም። «ለክርስትና እምነት ተከታዮች» የሚል ሐረግ ለአንድ የማማ ምድር ሽማግሌ ቢነበብላቸው «ታዲያ ሌላ ማን አለ?» የሚሉ ይመስለኛል።

ሌላው ግን ነበረ። ከገደሉ ሥር ነበረ።

ከመንዝ ጫፍ ቆሞ ወደ ምሥራቅ ቁልቁል ሲታይ ያለው አገር ይፋት ነው። የወላስማ ሥርወ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1285 የሸዋን ሱልጣኔት አፍርሶ የነገሠበት፣ አፄ ዓምደ ጽዮን እ.ኤ.አ. በ1332 የዘመቱበት አገር። ጦርነቱን ሁላችንም ትምህርት ቤት ተምረነዋል። ያልተማርነው ከዚያ ወዲህ ያለውን ረጅሙን የገበያ ታሪክ ነው። ከአምስት መቶ ዓመት በኋላ፣ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ ይፋትን ለክርስቲያኑ ንጉሥ የሚያስተዳድረው ያንኑ የወላስማነት ማዕረግ የያዘ ሙስሊም ነበር፤ ወላስማ መሐመድ። የንጉሡ እስር ቤት ጎንቾም በእሱ እጅ ነበር። ከአንኮበር በታች ያለው አልዩ አምባ ደግሞ የመንግሥቱ ዋና ገበያ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1841 እስከ 1843 ሸዋ የቆየው የእንግሊዙ መልእክተኛ ሃሪስ ገበያውን አይቶ ጽፎታል። ከአፋር በረሃ የመጣ አሞሌ ጨው፣ ከባሕር የመጣ ጨርቅ፣ ከደጋ የወረደ እህል በዚያ ይገናኙ ነበር። ገበያው የሚቆመው አርብ ነው። ለሙስሊሙ የጁምዓ ቀን፣ ለክርስቲያኑ የጾም ቀን! ሁለቱም በየራሳቸው ሕግ የሚያከብሩትን ቀን ለመገናኛ አደረጉት።

እዚህ ላይ አንድ ቃል አለ፤ «ነጋዴ»። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ቃሉ ለረጅም ዘመን የሙያ ብቻ ሳይሆን የሃይማኖት ስምም ነበር። «ነጋዴ» ሲባል እስላም ማለት የሆነበት ቦታ ብዙ ነው። ክርስቲያኑ ርስትና ጦር ሲያከብር ንግድን ይንቃል፤ ርስት የማይፈቀድለት ሙስሊም ንግዱን ይይዛል። ውጤቱ እንግዳ ነገር ነው። ሱቁ የሙስሊም፣ ቀን መቁጠሪያው የክርስቲያን ሆነ። ጾም ሲያዝ ቅቤ እንደማይሸጥ፣ ለፋሲካ ዋዜማ ቅመሙ፣ ድርና ማጉ፣ ነጠላው መቼ መድረስ እንዳለበት ከብዙ ክርስቲያን ይልቅ ነጋዴው ያውቃል። የሌላውን በዓል የሚያሰናዳ፣ የራሱ በዓል ግን በአገሩ አቆጣጠር ውስጥ የሌለ ሰው። ስለዚህ የበዓል ሰላምታ ክርክር በሱቅ በር ላይ መነሣቱ አይገርመኝም። የት ሊነሣ ኖሯል?

ወደ ቡናው ልምጣ። በሣህለ ሥላሴ ሸዋ ቡና መጠጣት ለክርስቲያን ነውር ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን የእስላም ነገር ነው ብላ ትከለክል ነበር። የጠጣ ሰው እምነቱ ይጠረጠራል። ክልከላው የላላው ወደ 19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ፣ በምኒልክ ጊዜ፣ አቡነ ማቴዎስም ጥርጣሬውን ካቀለሉ በኋላ ነው። ዛሬ መንዝ ውስጥ ቡና ያልተፈላበት ጥምቀት ወይም ሚካኤል አለ ቢሏችሁ ታምናላችሁ? ቄሱም ይጠጣሉ። በአንድ ዘመን የሃይማኖት ድንበር ተደርጎ የተያዘ ነገር በሌላው ዘመን የበዓሉ ማድመቂያ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለኝም። «ዒድ ሙባረክ ያለ ክርስቲያን ካደ» ለሚሉ ወንድሞች ጀበናውን አሳዩልኝ።

የመንግሥት ነገር ሲገባበት ጉዳዩ ይከብዳል። በ1948 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 126 የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን አድርጎ ደነገገ። በዚያው ዘመን «አገር የጋራ፣ ሃይማኖት የግል ነው» የሚለው አነጋገር የንጉሠ ነገሥቱ ተብሎ ይጠቀስ ነበር። አባባሉ መልካም ነው። ቀን መቁጠሪያው ግን አልሰማውም። ገና፣ ጥምቀት፣ ፋሲካ መሥሪያ ቤት ይዘጋል፤ የንጉሡ ልደት ሐምሌ 16 ይዘጋል። ዒድ የሥራ ቀን ነው። የራሱን በዓል ማክበር የሚሻ ሙስሊም ጸሐፊ ፈቃድ መጠየቅ ነበረበት። በአዋጅ አገሩ የእሱም ነው፤ በዓሉ ግን እንደ ሕመም ፈቃድ የሚጠየቅበት ነበር።

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 አዲስ አበባ ላይ የሆነውን ለወጣቶቻችን በቅጡ ያስተማርን አይመስለኝም። የአብዮቱ ግርግር በተነሣ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ እንዳልካቸው መኮንን ጠቅላይ ሚኒስትር ሳሉ፣ በአብዛኛው መቶ ሺህ ያህል ተብሎ የሚገመት ሕዝብ ለሙስሊሞች እኩልነት አደባባይ ወጣ። ከሰልፈኛው መካከል ክርስቲያኖችም ነበሩ፤ ይህን ክፍል ሁለቱም ወገን ሲተርክ ይዘለዋል፣ ለምን እንደሆነ እንጃ። ከጥያቄዎቹ አንዱ በዓሎቻችን ብሔራዊ በዓል ይሁኑ የሚል ነው። ሌላው ደግሞ ሲታይ ትንሽ የሚመስል የቃል ጥያቄ ነበር፤ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» መባላችን ቀርቶ «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» እንባል።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። «የሚኖሩ» የሚለው አንድ ቃል ሰውዬውን ተከራይ ያደርገዋል። ነቢዩ ሙሐመድ በሕይወት ሳሉ ተከታዮቻቸው የተጠለሉበት አገር ሙስሊም፣ ይፋት ላይ ከሺህ ዓመት በፊት የነበረ አያት ያለው ሰው፣ «የሚኖር» ይባላል። የዛሬው የሱቅ በር ክርክር ሥሩ እዚህ ያለ ይመስለኛል። «ለመውሊድ የት ነበራችሁ?» ብሎ የሚጽፈው ልጅ ባለሱቁ ስለ መውሊድ ምን ያምናል ብሎ አይደለም። የቤቱ ባለቤት ነኝ ወይስ እንግዳ? ነው የሚለው።

የተጠየቀው በዓል በ1967 ተሰጠ። ዒድ አልፈጥር፣ አረፋና መውሊድ ከክርስትናው በዓላት ጋር በአዋጅ ቁጥር 16/1967 ገቡ። የሰጠው ደርግ መሆኑ የታሪክ ቀልድ ነው። በዓላቱን እኩል ያደረገው መንግሥት ቆይቶ ለሁለቱም ሃይማኖት ፊቱን አጠቆረ፤ ፓትርያርኩን አቡነ ቴዎፍሎስን በ1968 ከመንበራቸው አውርዶ በ1971 ገደላቸው። ቢሆንም አዋጁ ቀረ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖትን ለያየ። ከዚያ ወዲህ ነው እያንዳንዱ ባለሥልጣን ለእያንዳንዱ በዓል «ለ… እምነት ተከታዮች በሙሉ» እያለ የሚያወጣው መግለጫ የተለመደው፤ ሱቁም ባንኩም የቀዳው ይህንኑ የቢሮ ቋንቋ ነው።

እኔ ይህን ሐረግ አልወደውም። ለመልካም ታስቦ የገባ ቢሆንም አጥር አለው፤ እነሱ ያከብራሉ፣ እኛ ከውጭ ሆነን እንመርቃለን ይላል። «መልካም በዓል» ደግሞ የፖስት ካርድ ቃል ነው፣ ማንንም አያስቀይምም፣ ማንንም አያቅፍም። የድሮው አነጋገራችን ከሁለቱም ይሻላል፤ ምክንያቱም ሰዋስዉን አስተውሉት። «እንኳን አደረሰህ» ሲባል አድራጊው ስሙ አይጠራም። አደረሰ፤ ማን? እሱ። የምንመሰክረው ስለ በዓሉ ትምህርት አይደለም፤ ክረምቱን፣ ሕመሙን፣ ረሃቡን አልፈህ በሕይወት እዚህ ቀን ላይ በመገኘትህ ነው። መልሱ ደግሞ «እንኳን አብሮ አደረሰን» ነው። ሰላምታ ሰጪውም አብሮ ደርሷል፤ በዓሉ የእሱ ባይሆንም። የይፋትና የወሎ ሙስሊም ለዒዱ ይህንኑ ይላል፤ ቃሉን ከክርስቲያኑ ተውሶ ሳይሆን አማርኛ የእሱም ስለሆነ።

የሃይማኖት መምህራን ግን በቀላሉ እንደማይቀበሉት አውቃለሁ፤ መናቅም አልፈልግም። በሙስሊሙ በኩል የ14ኛው መቶ ዓመት ሊቅ ኢብኑል ቀዪም በሌላ እምነት ሃይማኖታዊ በዓል እንኳን ደስ አለህ ማለትን አጥብቀው ከልክለዋል፤ በእኛ ዘመን እነ ዩሱፍ አልቀረዳዊ በሰላም ለሚኖር ጎረቤት ይፈቀዳል ብለዋል። በክርስቲያኑ በኩልም እንዲሁ የሚከለክልና የሚፈቅድ አለ። ስለዚህ ኅሊናው የማይፈቅድለትን ባለሱቅ «ካልለጠፍክ አንገበይብህም» ማለት ልክ አይደለም። በግድ የወጣ ሰላምታ ግብር ነው እንጂ ሰላምታ አይደለም። ዝም ያለን ሰው ጠላት ነው ብሎ ፎቶውን ማዞር ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው።

የባሰ የምለው በ2014 የሆነውን አይተን ነው። ፋሲካ ሚያዝያ 16፣ ዒድ ሚያዝያ 24 ዋለ። በመካከላቸው፣ ሚያዝያ 18 ቀን፣ ጎንደር ላይ በአንድ ሼኽ ቀብር ሰዓት በተነሣ ጥቃት ከሃያ በላይ ሙስሊሞች ሞቱ፤ በጥቂት ቀን ውስጥ ስልጤ ላይ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። የአንዱ የበዓል ዶሮ ወጥ ሳያልቅ፣ የሌላው ጾም ሳይፈታ። ያን ሰሞን በየሱቁ በር ላይ የነበረው ወረቀት ሁለቱንም በዓል የያዘ ነበር፤ ወረቀት ሰው አያድንም። በዓመቱ በ2015 ሁለቱ በዓላት በአምስት ቀን ልዩነት ሲውሉ ሰው ሰላምታውን ሲለዋወጥ ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር።

ልዩነትን መደበቅ መድኃኒት አድርጎ ለሚያይ ደግሞ ሥጋ ቤቶቻችንን ይመልከት። አንዱ መስቀል፣ ሌላው ጨረቃ ሰቅሏል፤ ማንም «ገለልተኛ ምልክት ይሁን» ብሎ አያውቅም። ሠርግ ደግሶ ለሙስሊም ጎረቤቱ የተለየ ከብት በሙስሊም እጅ የሚያሳርድ ክርስቲያን ልዩነቱን አልደበቀም። አውቆት፣ ወጪ አውጥቶበት ነው ያከበረው።

የመንዝ ገበሬ ይህን ከማናችንም በላይ በተግባር ያውቀዋል። በጉ፣ ያ ባለ ወፍራም ላት ጠጉራሙ የመንዝ በግ፣ ለፋሲካ ይሸጣል፤ ለአረፋም ይሸጣል። አረፋ በየዓመቱ አሥራ አንድ ቀን ያህል ወደ ኋላ ስለሚሸሽ በግ አድላቢው የጨረቃውን ቆጠራ መከተል ግድ ሆኖበታል። ማተቡን ያሰረው ሻጭ ከቆላ የወጣውን ገዢ «እንኳን አደረሰህ» ይለዋል። «እንኳን አብሮ አደረሰን» ይላል ገዢው፣ የበጉን ወገብ እየዳበሰ፤ ቀጥሎም ዋጋው ላይ ይጣላሉ።