ከካሴት እስከ እጅ ስልክ

ዛሬ በየስልካችን የምናነሳው ፎቶ ረጅም መንገድ ተጉዞ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 የኮዳክ መሐንዲስ ስቲቨን ሳሰን የሠራው ዲጂታል ካሜራ 3.6 ኪሎ ገደማ ይመዝን ነበር። አንድ ጥቁርና ነጭ ፎቶ በካሴት ላይ ለመቅዳት 23 ሰከንድ ይፈጅበት ነበር። በ1991 ኮዳክ ለጋዜጠኞች ያወጣው ካሜራ 1.3 ሜጋፒክስል ብቻ ሆኖ ዋጋው ወደ 20,000 ዶላር ይደርስ ነበር፤ ፎቶው የሚከማችበት ሣጥንም ለብቻው በትከሻ ይያዝ ነበር። በ1994 የመጣው የአፕል ኩዊክቴክ ወደ 749 ዶላር ወረደ፤ ግን በጥሩ ጥራት 8 ፎቶ ሲያነሳ ይሞላል። በ1997 ደግሞ የሶኒ ማቪካ በፍሎፒ ዲስክ ይቀዳ ጀመር።

እኛ የሂሳብ ሰዎች ነገሩን በወጪ እናየዋለን። በፊልም ዘመን ከ36ቱ ፎቶ እያንዳንዱ ገንዘብ ስለሚያስወጣ ታስቦበት ይነሳል፣ ይታጠባል፣ አልበም ውስጥ ይገባል። አሁን ማንሳቱ በነጻ ሆነ፤ ማስቀመጡ ግን ተረሳ። ፍሎፒ የሚያነብ ኮምፒውተር ዛሬ ከየት ይገኛል? ስልክ ሲሰረቅም የእናቶቻችን ፎቶ አብሮ ይሄዳል።

ስለዚህ የማኅበራችንን ፎቶ እንደ ሂሳብ ሰነዳችን በሁለት ቦታ እናስቀምጥ፤ ለልጆቻችን የምናወርሰውን ደግሞ በወረቀት እናሳትመው።