ምልክት የተደረገበት ናይትሮጅን፦ ከአይጥ መኖ እስከ ማግኔቲክ ሬዞናንስ

በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ የሰውነት ፕሮቲን አንድ ጊዜ ከተሠራ በኋላ ብዙም እንደማይለወጥ፣ የሚበላው ፕሮቲንም በአብዛኛው እንደ ሞተር ነዳጅ ተቃጥሎ እንደሚወገድ ይታመን ነበር። ይህን እምነት የለወጠው ከአገሩ የተሰደደ ሐኪም ነው።

ጀርመናዊው ሩዶልፍ ሾንሃይመር አይሁዳዊ በመሆኑ፣ ናዚዎች ሥልጣን በያዙበት እ.ኤ.አ. በ1933 የፍራይቡርግ ዩኒቨርሲቲን ለቆ በኒው ዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሥራ ጀመረ። በዚያ ሃሮልድ ዩሪ በ1931 ከባዱን ሃይድሮጅን አግኝቶ፣ በኋላም ናይትሮጅን-15ን ማበልጸግ ችሎ ነበር። እነዚህ አይሶቶፖች ጨረር አያመነጩም፤ ከተለመዱት የሚለዩት በክብደታቸው ነው። ሾንሃይመር፣ ዴቪድ ሪተንበርግና ሣራ ራትነር በ1939 ባወጡት ጥናት፣ ናይትሮጅን-15 ያለበትን ሉሲን ክብደታቸው ለማይለዋወጥ አይጦች መገቡ። ናይትሮጅኑ በሽንት ይወጣል ተብሎ ሲጠበቅ፣ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በአካላቸው ፕሮቲን ውስጥ ተገኘ። ሰውነት ሳያቋርጥ እየፈረሰ እንደገና የሚገነባ መሆኑ በዚህ ታወቀ። ሾንሃይመር በ1941 ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ፤ ግኝቱን የያዘው መጽሐፉ የታተመው በተከታዩ ዓመት ነው።

በ1946 ፊሊክስ ብሎክና ኤድዋርድ ፐርሰል በየፊናቸው በጠጣርና በፈሳሽ ነገሮች ላይ የኑክሌር ማግኔቲክ ሬዞናንስን አሳዩ። ዘዴው የፕሮቲንን ቅርጽ ለማጥናት ሲውል ግን የሃይድሮጅኖቹ ምልክቶች እየተደራረቡ አስቸገሩ። ኩርት ዉትሪሽና ባልደረቦቹ በ1980ዎቹ የትናንሽ ፕሮቲኖችን ቅርጽ ቢያወጡም፣ ለትልልቆቹ ሌላ ብልሃት አስፈለገ። በተፈጥሮ ከሚገኘው ካርቦን 1.1 በመቶው ብቻ ካርቦን-13፣ ከናይትሮጅንም 0.4 በመቶ ያህሉ ብቻ ናይትሮጅን-15 ስለሆነ፣ ኢ. ኮላይ ባክቴሪያን በእነዚህ በበለጸጉ ግሉኮስና አሞኒየም ክሎራይድ ማሳደግ ተለመደ። ባክቴሪያው ሌላ ምግብ ስለማያገኝ የሚሠራው ፕሮቲን በሙሉ ምልክቱን ይይዛል። ዉትሪሽ በ2002 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ተጋራ። በ1996 ደግሞ የስቲቨን ፌሲክ ቡድን፣ ትናንሽ ኬሚካሎች ምልክት በተደረገበት ፕሮቲን ላይ የት እንደሚጣበቁ በማየት መድኃኒት የሚነደፍበትን ዘዴ አቅርቧል።

በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ ለሚሠራ የጤና ባለሙያ እንዲህ ያለው መሣሪያ ሩቅ ነው፤ ትምህርቱ ግን ከሕመምተኛው አልጋ አጠገብ ነው። በወባ ትኩሳት የተዳከመ ወይም በምግብ እጥረት የከሳ ሕፃን መብላት ቢያቆም፣ ሰውነቱ የራሱን ጡንቻ ማፍረሱን አያቆምም። ስለዚህ ምግብ የሕክምናው ተከታይ ሳይሆን አንዱ ክፍል ነው።