ዐውደ ምሕረት ስለሚለው ስም

በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ሕዝብ ተሰብስቦ ትምህርት የሚሰማበትን ሥፍራ አባቶቻችን ዐውደ ምሕረት ብለው ሰየሙት። ስሙ በየሰንበቱ ከአፋችን አይጠፋም፤ ነገር ግን የተዘወተረ ቃል ምሥጢሩ ይዘነጋልና፥ በዚህ በኢዮቤልዩ በዓላችን ከሥሩ ጀምሮ ልንመረምረው ይገባናል።

ዐውድ የግእዝ ቃል ነው። ግሱ ዖደ ሲሆን ዞረ ማለት ነው፤ ስለዚህ ዐውድ ዙሪያ፥ ክበብ ይሆናል። ከዚህም ከአንዱ ሥር ብዙ ቅርንጫፍ ወጥቶአል። ዘመኑ ዞሮ ሲገጥም ዐውደ ዓመት ይባላል። በሬ እየዞረ እህል የሚወቃበት ሥፍራ ዐውድማ ተባለ። እየዞረ የንጉሥን ቃል የሚያሰማውም ዐዋዲ ነው፤ በአማርኛ ዐዋጅ የምንለው ከዚሁ የወጣ ነው። የቃላትን ዘር መመርመር የሚወድ ሁሉ፥ አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የደከሙበትን፥ ደቀ መዝሙራቸው ደስታ ተክለ ወልድም በ1948 ዓ.ም. ያሳተሙትን መዝገበ ቃላት ይመልከት።

ደግሞ ዐውድ የፍርድ ሸንጎ ስም ነው። ሕዝቡ ዙሪያውን ይቆማል፤ ከሳሽና ተከሳሽ በመካከል ይሟገታሉ። በአማርኛም አደባባይ ዋለ ሲባል ብዙ ጊዜ ለሙግት ቆመ ማለት ነው። ሰማዕታት በእንዲህ ያለው ሥፍራ ተፈርዶባቸዋል። በእኛም አገር ጳጳሱ አቡነ ጴጥሮስ በፋሺስት ዳኞች ተፈርዶባቸው፥ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በሕዝብ ፊት በጥይት ተገድለዋል። ያ ዐውድ ምሕረት አልነበረውም።

እንግዲህ አባቶቻችን ዐውድን ከምሕረት ጋራ ማዛመዳቸው ታላቅ ነገር ነው። ሌላው ዐውድ የሚፈርድበትን ኃጢአተኛ ይህኛው ለንስሐ ይጠራዋል። ሰሎሞንም ቤተ መቅደሱን የሠራው በኢያቡሳዊው በኦርና ዐውድማ ላይ መሆኑን መጽሐፈ ዜና መዋዕል ይነግረናል፤ ስንዴ ከገለባ የሚለይበት ሥፍራ የጸሎት ቤት ሆነ። መጥምቁ ዮሐንስም ዐዋዲ ሆኖ ሲሰብክ፥ ጌታ ዐውድማውን እንደሚያጠራ ተናግሮአል። ማጥራቱ የእርሱ ነው፤ የእኛ ሥራ መጥራት ነው።

የከተማ አደባባይ ስሙ ከመንግሥት ጋራ ይለወጣል። በአዲስ አበባ መስቀል አደባባይ የሚባለው በደርግ ዘመን አብዮት አደባባይ ተብሎ፥ በ1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሲወድቅ የቀደመ ስሙ ተመልሶለታል። የዐውደ ምሕረትን ስም ግን የሚለውጠው መንግሥት ሳይሆን የእኛው ጠባይ ነው። ሰው በዚያ ቆሞ ወንድሙን በስም ጠርቶ ቢያዋርድ፥ የግል ጠቡን በስብከት ሸፍኖ ቢናገር፥ ሥፍራውን ወደ ቀድሞው ሸንጎ መለሰው። ድኃ ልብሱ አድፎ አፍሮ ከኋላ ቢቆም፥ ባለጠጋም በገንዘቡ ከፊት ቢቀመጥ፥ ክበቡ ፈረሰ፤ በክበብ ፊትና ኋላ የለምና።

ስለዚህ አባቶቼና ወንድሞቼ ሆይ፥ ጠብ ያላችሁ ነገራችሁን በደጀ ሰላም በሽማግሌ ፊት ጨርሱ፤ ወደ ዐውደ ምሕረት ታርቃችሁ ውጡ። ኢዮቤልዩ በኦሪት ባሪያ ነጻ የሚወጣበት፥ ርስቱን ያጣም ወደ ርስቱ የሚመለስበት ዓመት ነበረ። እኛም በዚህ በዓል የራቀውን ወንድማችንን ጠርተን በመካከላችን ብናቆመው፥ ሥፍራው ስሙን አገኘ ማለት ነው።