ከንግግሩ በፊት የነበረው ቀን

የአንድን ሚኒስትር ታሪክ ከንግግሩ ብቻ የጻፈ ሰው ግማሹን ጽፎ ተወው ማለት ነው። የእንግሊዙ ሰር ሳሙኤል ሆር ለዚህ ማስረጃ ይሆነናል። (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ሆር በ1880 ተወለደ፤ በ1910 ከወግ አጥባቂዎቹ ወገን ምክር ቤት ገባ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሮም ላይ የአገሩን የስለላ ሥራ ይመራ ነበር። በ1917 ጦርነቱን ደግፎ ለሚጽፍ አንድ ኢጣልያዊ ጋዜጠኛ በሱ በኩል በሳምንት 100 ፓውንድ ይከፈል ነበር። ጋዜጠኛው ማን መሰላችሁ? ቤኒቶ ሙሶሊኒ! ነገሩ አደባባይ የወጣው ግን በ2009 ነው።

ሆር የአየር ኃይልና የህንድ ጉዳይ ሚኒስትር ከሆነ በኋላ በጁን 1935 የውጭ ጉዳይን ያዘ። ሴፕቴምበር 11 ቀን ጄኔቭ ላይ ቆሞ፣ የመንግሥታቱ ማኅበር ወረራን በኅብረት ሊመክት ይገባል፣ አገሬም ግዴታዋን ትወጣለች አለ። ተጨበጨበለት። ታዲያ ምን ዋጋ አለው? በዋዜማው ከፈረንሳዩ ፒየር ላቫል ጋር ተቀምጦ፣ በኢጣልያ ላይ ጦር እንዳይነሳ፣ የሱዌዝ ቦይም እንዳይዘጋ ተስማምቶ ነበር። እንግዲህ ቃሉ ኋላ የታጠፈ አይደለም፤ ገና ሳይነገር ባዶ ነበር።

የዲሴምበሩ የፓሪስ ውል የዚሁ ልጅ ነው። ከኦጋዴንና ከትግራይ መሬት ተቆርሶ፣ በደቡብም ሰፊ የኢኮኖሚ ክልል ተጨምሮ ለኢጣልያ፤ ለኢትዮጵያ አንድ የባሕር በር። የፓሪስ ጋዜጦች ምስጢሩን አወጡት፣ የእንግሊዝ ሕዝብ ተቆጣ፣ ሆርም ዲሴምበር 18 ቀን ሥልጣኑን ለቀቀ።

ሙሶሊኒን ለሂትለር ላለመስጠት ነው የሚሉለት አሉ። ይሁን እንበል፤ ግን ሙሶሊኒ መች ቀረ!

ሜይ 5 ቀን 1936 የፋሽስት ጦር አዲስ አበባ ገባ። በጁን ሆር የባሕር ኃይል ሚኒስትር ሆኖ ተመለሰ። የሱ ቅጣት ስድስት ወር እንኳ አልሞላም፤ የኛ አምስት ዓመት ፈጀ።

እውነቱን ለመናገር ሆር ክፉ ሰው አልነበረም። በ1938 የአገር ግዛት ሚኒስትር ሳለ፣ አብዛኞቹ አይሁድ የሆኑ ሕፃናት ከናዚዎች ሸሽተው እንዲገቡ ፈቅዷል፤ 10,000 ያህሉ ተርፈዋል። በስተርጅናውም የሞት ቅጣት ይቅር ብሎ ተሟግቷል። የሚያስፈራውም ይኸው ነው፦ አገር ለመሸጥ ክፉ ሰው የግድ አያስፈልግም። ስለዚህ የትልልቆቹን ንግግር ስናነብ፣ በዋዜማው ከማን ጋር ተቀምጠው እንዳመሹ እንጠይቅ።